እሜቴ የሌሉበት ዝርዝር

ቤት ለመልቀቅ መዘጋጀት የጀመርነው በግንቦት ነው፤ የለቀቅነው በጥቅምት። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል። «አምስት ወር? አገር ልትለቁ ነው እንዴ?» ይለኛል። እውነትም ከሐይቁ ዳር እስከ አባይ ማዶ መካከሉ ድልድዩ ብቻ ነው፤ በባጃጅ የሄደ ሰው በስልክ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይደርሳል። እኛ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየነውን ቤት ነበር የምንለቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት የኖረ ሰው ደግሞ ዕቃውን አያውቀውም። አልጋ ሥር ምን እንዳለ፣ ቆጡ ላይ ምን እንደወጣ፣ የትኛው ሰፌድ የራሱ የትኛው የጎረቤት እንደሆነ ሲለይ ክረምቱ ያልቅበታል።

አዲሷን ቤት ባለቤቴ ክረምት እያረፈ በጋ እየሠራ በስድስት ዓመት ነው ያቆማት። ሥራው የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። ወደ ገዳማቱ ከሚመላለሱት ጀልባዎች አንዱ ሳል ቢጤ ሲጀምረው፣ ቤት ቁጭ ብሎ የትኛው እንደሆነ በድምፁ ይለየዋል። ቤት መሥራት ግን አያውቅም ነበርና አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አፍርሶታል። ብቻ አለቀች። ሳሎን፣ የእኛ መኝታ፣ አንዲት ትንሽ ክፍል፤ ኩሽናው ከጓሮ። ልጃችን ከሳሎኑ ጥግ መጋረጃ ተጋርዶላት ትተኛለች፤ ትንሿ ክፍል የእሜቴ ናት።

ይችን የመጨረሻዋን ነገር አሁን እንደ ዋዛ ጣል አደረግኋት። ያን ጊዜም እንዲሁ እንደ ዋዛ ነበር የያዝናት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከእሷ ነው።

እሜቴ የባለቤቴ እናት ናቸው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ደሴቶችና በዳርቻው አብያተ ክርስቲያናት ሲያገለግሉና ተማሪ ሲያስተምሩ ኖሩ። እሳቸው ሲያርፉ እሜቴ እኛ ዘንድ መጡ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። እሜቴ የምላቸው እኔ ነኝ። ልጄ እማማ ትላቸዋለች። ባለቤቴ እማየ ይላቸዋል፤ እማየም እያለ በ«እርስዎ» ነው የሚያናግራቸው፤ እነሱ ቤት ወላጅ የሚከበረው እንዲያ ነው። የከሰዓት ማዕበል ሲነሣ ሐይቁ መካከል የቆመች ጀልባ ላይ ወጥቶ ሞተር የሚፈታ ሰው፣ እናቱ ፊት ሲቀርብ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ያዞረዋል።

በሰኔ ልጄ ዝርዝር አወጣች። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ትቀበላለች፤ ማን የት ክፍል እንደሚያድር ስትጽፍ ነው የምትውለው። «እማ፣ ሰው ዝም ብሎ ቤት አይለቅም፤ ፕላን ያስፈልገዋል» አለችና ትልቅ ወረቀት አምጥታ በሦስት ቀለም ጽፋ የኩሽናው በር ላይ ለጠፈችው። አባቷ መኪና መፈለግ፣ አልጋና ቁም ሳጥን መፍታት። እኔ ኩሽና፣ እህል፣ ቅመም፣ ልብስ። እሷ ብርጭቆ፣ ቴሌቪዥን፣ ወረቀታ ወረቀት፣ ድመት። ከግርጌው ደግሞ «የማይሄዱ» ብላ በቀይ ጻፈች፦ እግሩ የወለቀው ዱካ፣ ያረጀው ፍራሽ፣ የተሰነጠቀው እንስራ።

እውነት ለመናገር ዝርዝሩ ጠቅሞናል። የሐይቅ ዳር ቤት ዕቃ ይበላል፤ ከጠዋት ጠዋት የሚነሣው ርጥበት ምስማሩን ያዝገዋል፣ የቆዳ ዕቃውን ያሻግተዋል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ያለውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አናፈስሁ። በርበሬም እስከ መስከረም የሚያደርሰንን ብቻ አስፈጨሁ፤ ለምን ዱቄት ተሸክሜ ልሻገር? ካርቶን ከየሱቁ ለመንሁ። ባለቤቴ ሲባጎ ይወዳል፤ ወሩ ሳይገባደድ ማሰር ጀመረና አንድ ቀን የሽንኩርት መክተፊያው የገባበት ጠፍቶኝ ስፈልግ ከብረት ምጣዱ ጋር ታስሮ ቆጥ ላይ አገኘሁት።

«ገና አራት ወር አለን እኮ!» አልሁት።

«የታሰረ ዕቃ አይጠፋም።»

«አዎ፤ አይገኝምም!»

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ትስቃለች። የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ እዚህ ተድራ መጥታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ አጥር ነው የለየን፤ በእነሱ ዒድ እኔ፣ በእኛ ፋሲካ እሷ እየተጠራራን ልጆቻችን ያደጉት አብረው ነው። «እንግዲህ አባይ ማዶ ገብተሽ ባለ ቤት ልትባይ ነው» ትለኛለች። «ድልድዩ ላይ ዘበኛ አቁመሽ እኛን ወዴት ናችሁ ትያለሽ!»

ይህ ሁሉ ሲሆን እሜቴ የት ነበሩ? ተቀምጠዋል። እኛው ነን ያስቀመጥናቸው። ሰማንያ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት የቀራቸውን ሴት «ይችን ካርቶን ያንሡልኝ» የሚል ማን አለ? አንዲት ጣሳ ሲያነሡ ካየን ከሦስት አቅጣጫ እንሮጣለን። «ኧረ እሜቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ!» «እማማ፣ ተይው እኔ አለሁ!» በቀን ስንት ጊዜ «ይቀመጡ» እንደምንላቸው እግዜር ይቁጠረው። ክብር ነበር የመሰለን። እሳቸውም እሺ ይላሉ፤ ጣሳዋን መልሰው ነጠላቸውን ያጣፉና ይቀመጣሉ።

መኪናው ለጥቅምት አሥራ ስምንት ተያዘ። ባለ መኪናው መጥቶ ዕቃችንን በዓይኑ ሲለካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ጋን አላችሁ?» አዎ አልነው። «ባዶውን ከሆነ እጭነዋለሁ። ጠላ ያለበት ጋን ግን እኔ መኪና ላይ አይወጣም፤ አንዴ ወጥቶብኝ ሳምንት ሙሉ መኪናዬ ሰክሮ ከረመ።»

እንግዲህ ጥቅምት ስድስት ቀን ጠዋት ያን ጋን ላጥብና ላደርቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ቀናት አባይ ማዶ አዲሱን ቤት ሳጥብ፣ የሲሚንቶ ፍንጥቅጣቂ ስፍቅ ነበር የዋልሁት። በሩን ስከፍት የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ጋኑ ታጥቧል፣ ታጥኗል፣ ቦታው ላይ ተደላድሎ ቆሟል፤ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ገልጬ ባየው ጌሾ። ተጠንስሷል!

ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ይፍረደኝ። የተጠነሰሰ ጋን እንደ አራስ ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም። ጥንስሱ አለ፣ ድፍድፉ አለ፣ ቀጥኖ እስኪጠልል ድረስ ሁለት ሳምንት የጋኑ ነው እንጂ የሰው አይደለም። የእኛ መኪና ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

እሜቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ በሰፌድ ብቅል ይለቅማሉ።

«እሜቴ፣ ጋኑ ተጠንስሷል።»

«አዎ። ከትናንት ወዲያ።»

«ለምን?»

«ለጽዋ ነዋ ልጄ። ለሌላ ለምን ይጠነሰሳል?»

«የእርስዎ ተራ ኅዳር አልነበር እንዴ?»

«ለወጥሁት።» ብቅላቸውን መልቀም ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እሜቴ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ማኅበሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ባለተራው ጠላውን ዳቦውን ያዘጋጃል፣ ካህኑ ባርከው ይቀመሳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። እንዲህ እየዞረ ለአንድ ሰው በዓመት አንዴ ይደርሰዋል። ለእሜቴ የሚደርሳቸው ኅዳር ጽዮን ነበር፤ ከዓመቱ የማርያም በዓላት ትልቁ ማለት ነው። ሰው ያን ተራ ለማግኘት ይመኛል እንጂ አይለውጥም። እሳቸው ሄደው ለጥቅምቷ ተረኛ ሰጧት፤ ሴትዮዋም በደስታ አለቀሰች አሉ።

«ምነው እሜቴ፣ ኅዳርን የሚያህል?»

«ጥቅምትም የእመቤታችን ነው።»

«መኪናው እኮ አሥራ ስምንት ነው! ጽዋው ሃያ አንድ።»

«እናንተ ሂዱ። እኔ ከጋኑ ጋር እቆያለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው።

ተናደድሁ፤ አልዋሽም። እርጅና ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ልጄ ከሥራ ስትመጣ ነገርኋትና ወረቀቷ ፊት ቆማ ጭንቅላቷን ያዘች። «እማማ ፕላኑን በጋን ዘጋችው!» አለች። እኔም ያየሁት ጋኑን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት ጎረቤቴ ከገበያ ተመልሳ በአጥሩ ጠራችኝ። እንደ ወትሮዋ አትስቅም።

«አንች፣ ተቀይሜሻለሁ» አለችኝ።

«ምን አድርጌ?»

«አማትሽን ወደ ማክሰኝት ስትሸኚያቸው ለእኔ አይነገረኝም?»

«ማንን ነው የምሸኘው?»

ዓይኔን አየችውና ወሬው እንዳልደረሰኝ ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀደም ሲል ጠርተውኝ ወንድምሽ ወደ ጎንደር ዕቃ ሲጭን ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለው ወይ አሉኝ። ከሃያ አንድ በኋላ ማክሰኝት ያድርሰኝ፣ ከሴት ልጄ ዘንድ ልገባ ነው አሉ። ልጆቹ አዲስ ቤት ሊገቡ ነው፤ ጽዋዬን አውጥቼ፣ ማኅበሬን ተሰናብቼ ልሂድ አሉኝ። እኔ ተማክራችሁ የጨረሳችሁ መስሎኝ!»

«ምን አልሻቸው?»

«ወንድሜን እጠይቀዋለሁ አልኋቸው።»

«ጠየቅሽው?»

«ምን ቆርጦኝ! አፌ እሺ አለ እንጂ እግሬ አልተነሣም።»

ወደ ቤት ገብቼ ከታሰሩት ዕቃዎች አንዱ ላይ ተቀመጥሁ። ኅዳርን የለወጡት ለዚህ ነው። ጥለውን ሊሄዱ ነው፤ ባለ ጽዋነታቸውን ሳያጓድሉ፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ ጠላቸውን ጠምቀው።

አንዳንድ ሴት ይህን ብታነብ «ታዲያ ምን ያስከፋሻል፣ አማትሽ ራሳቸው ልሂድ ካሉ?» ትል ይሆናል። የመጡ ሰሞን ቢሆን እኔም እል ነበር። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ወጤን ቀምሰው ዝም ሲሉ ዝምታቸው ከስድብ ይብስብኝ ነበር። ግን እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ሆኜ ከልጄ ደብተር ላይ ነው። ማታ ማታ እየተንተባተብሁ ሳነብ እሜቴ ከተቀመጡበት ሳያዩ ያርሙኝ ነበር። «ተመለሽ፤ አንዷን ዘለልሽ» ይሉኛል። አንድም ቀን አልሳቁብኝም። ከዚያ ወዲህ የማነበውን ጮክ ብዬ የማነበው ለእሳቸው ነው። አዲሱ ቤት ውስጥ ለማን ላነብ ነው?

ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ባለቤቴ ጀልባ ማቆሚያው ያለው የእንጨት መረማመጃ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ሞተር በትኖ ፊቱ ደርድሮታል። ነገርሁት። አንዲት ብሎን አንሥቶ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል።

«ከፈለጉ እንግዲህ…» አለ።

«አልፈለጉም!»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅሃቸውም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናቴን? ቤቴ ይመጣሉ ወይ ብዬ? እናት እንደ እንግዳ ትጠየቃለች? ስድብ አይሆንም እንዴ?»

ልክ ነው። የራስን እናት «ይመጣሉ ወይ» ማለት አይመጡም ብሎ ማሰብ ነው። ስለዚህ አልጠየቀም። ስላልጠየቀ ደግሞ እሳቸው አልተጠራሁም አሉ። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ሲባጎ ከሚወድ ሰውም በላይ ነው።

ተመልሼ ኩሽና ልገባ ስል በሩ ላይ ያለው ዝርዝር ፊት ለፊቴ መጣ። ሰኔ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሜቴ ዓይን አነበብሁት። እሜቴ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ፤ ጨው የተጠቀለለበትን ቁራጭ ወረቀት እንኳ ዘርግተው ሳያነቡ አይጥሉም። ይህን ዝርዝር አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ፊቱ ቆመው አንብበውታል። አባት አለ፣ እናት አለች፣ ልጅ አለች። ድመት እንኳ አለች፤ «በካርቶን፣ ቀዳዳ ይበጅለት» ተብሎላታል። እሜቴ የሉም። ዕቃው የሚገባባቸው ክፍሎች በተዘረዘሩበት፣ ትንሿ ክፍል በሚለው ፊት ለፊት ደግሞ የማን እንደሆነች ሳይጻፍ «ጆንያዎቹ ለጊዜው» ይላል።

ክብር ብለን ሥራ ሳንሰጣቸው ከቤቱ አወጣናቸው።

እንደዚያ ምሽት ተጨንቄ አላውቅም። ልለምናቸው? ብለምናቸው «ምን ሆኛለሁ ልጄ፣ ልጄን ናፍቄ ነው» ይሉኛል፤ አንዴ ከአፋቸው ከወጣ ደግሞ አይመለሱም። በማግሥቱ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥሁና ከእስክሪብቶ ጋር ይዤ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እሜቴ፣ እኔ ሰግቻለሁ። ይህ ዝርዝር ጎዶሎ መሰለኝ።»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እናንተ የጨረሳችሁት ነገር ነው።»

«እኔ በዕድሜዬ የለቀቅሁት ቤት አንድ ነው። እርስዎ ስንት ለቀቁ?»

እጃቸው ብቅሉ ላይ ቆመ። በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት» አሉ። «ከመሪጌታ ጋር ሰባት ጊዜ። ሁለቱ በታንኳ።» ከዚያ ዓይናቸው በራ። «የመጀመሪያው ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ጨዉን ከታች ጫንሁት። ታንኳ መቼም ከታች ውሃ ያስገባል። ዳር ስንደርስ ጆንያው አለ፣ ጨው የለም! መሪጌታ ምን አሉ መሰለሽ? 'አይዞሽ፣ ዓሣዎቹ ተቀምመው ይጠብቁናል።'»

እስኪያነባን ሳቅን። ሲበቃን እጃቸውን ዘረጉ። «እስኪ አምጭው።»

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀመሩ። የልጄን ባለ ሦስት ቀለም ሥራ እንደ ተማሪ ደብተር አረሙት። እህል ለምን ከዕቃው ጋር ይሄዳል? እህል ቀድሞ ይግባ፤ የሚበላ ያለበት ቤት ባዶ አይባልም። የመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው፣ ክብሪቱ፣ ጨው፣ አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለምን ይታሰራል? በሰው እጅ ነው የሚሄድ። ጠበል ያልተረጨበት ቤት ውስጥ አልጋ ይዘረጋል ወይ? ካህን ማን ይጠራል? እንዲህ እያሉ ትንሿ ክፍል ዘንድ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ።

«ይችስ የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት።»

«ማን አለ?»

«እንዲያው ያች ግድግዳ ሁለት ጊዜ ለምን የፈረሰች ይመስልዎታል? ልጅዎ ነው። ቆመው ሲጸልዩ ፊትዎ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን፣ መስኮቱን በዚያ በኩል ላድርግላቸው ብሎ። አንዴ ጠቦበት አፈረሰው፤ አንዴ ሰፍቶበት።»

«አልነገረኝም።»

«አፍሮ ነው።»

«ምኑ ያሳፍረዋል?»

«እሱን እንግዲህ የወለዱት እርስዎ ይወቁት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ከመኪናው አጠገብ የተጻፈውን አሥራ ስምንት ሰርዘው ሃያ ሁለት ብለው ጻፉ። «ጋኑ ባዶውን ይሄዳል» አሉ። ከወረቀቱ ግርጌ ላይ በዚያ እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ባለው እጃቸው ደግሞ አንዲት መስመር ጨመሩ፦ «እኔ፦ ጋን፣ ጠበል፣ ድመት።»

ስለ ማክሰኝት አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም። ጋን መጫንም ጠበል ማስረጨትም ሰው ራሱ ለማይኖርበት ቤትም የሚሠራው ሥራ ነው፤ ልጆቼን አስገብቼ ልሂድ ብለውም ይሆናል። እስከ ሃያ አንድ ቀን እየቆጠርሁ ከረምሁ።

ባለቤቴ ለባለ መኪናው ደውሎ ቀኑ ይገፋልኝ አለው። «ምነው?» «እናቴ ጽዋ አላቸው።» «የማን?» «የማርያም።» «እንግዲህ እኔም ማኅበርተኛ ነኝ፤ ከእሷ ጋር አልከራከርም» አለው። ልጄ መጀመሪያ በድመቷ አኮረፈች፤ በኋላ ከአያቷ ጋር ካርቶን ሲበሱ ዋሉ። እኛም «ይቀመጡ» ማለትን ለመተው ምላሳችንን ነከስን። አንዴ የጌሾ እንቅብ ተሸክመው ሳያቸው ከወንበሬ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥሁ። ከባድ ነበር፤ ለእኔ ማለቴ ነው።

ሃያ አንድ ደረሰ። ቤቱ ግማሹ ታስሯል፤ ግድግዳው ላይ ፎቶ የነበረበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ጎረቤቴ አግዳሚ ወንበር አዋሰችን፤ የጎደለውን እህል በተሞላ ጆንያ ሞላነው፤ ቄጠማ ጎዘጎዝን። ማኅበርተኞቹ ገቡ፤ ካህኑ ባረኩ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ጠላው ምን ልበላችሁ፣ ኅዳርን ያስረሳ ነበር። እኔ በጓዳው በር ቆሜ እቀዳለሁ፤ ባለቤቴ በር አጠገብ ቆቡን እያዞረ ቆሟል።

የማኅበሩን መሪ ሙሴ ነው የምንላቸው። ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ከመሰጠቱ በፊት ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሞች፣ እኅቶች» አሉ። «እናታችን አሥራ አንድ ዓመት አብረውን ጠጥተዋል። ዛሬ ጽዋቸውን አውጥተው ወደ ማክሰኝት ሊሄዱ፣ ሊሰናበቱን ነው። እንግዲህ…»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥሁት። ባለቤቴን ማየት አልቻልሁም።

«ማን አለ?» አሉ እሜቴ ከተቀመጡበት።

ሙሴው ደነገጡ። «እርስዎ እኮ ነዎት! መስከረም ላይ ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ።»

«አዎ፣ ነግሬዎት ነበር» አሉ እሜቴ። «ያን ጊዜ ሥራ አልነበረኝም። አሁን ጋን አለብኝ፣ ጠበል አለብኝ፣ ድመት አለብኝ። እነዚህ ልጆች ጨው ከታች ነው የሚጭኑት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊቴን ወደ ጓዳ መለስሁ።

ከዚያማ ሸንጎ ሆነ። አባይ ማዶ የገባ ሰው ደብሩ ይለወጣል፤ ማኅበሩ ውስጥ ይቀጥላል ወይስ ይወጣል? አንዲት ሴት ጽዋ ድልድይ ተሻግሮ አያውቅም አለች። ሙሴው «ድልድዩ ላይ ነፋስ አለ፤ የያዝነው ሁሉ እንዳይደፋ» አሉ። ከጥግ ያሉት ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አየት አደረጉና «የሚጠጣው ይህ ከሆነ እኔ እንኳን በድልድይ በዋናም እመጣለሁ» አሉ። በዚያው አለቀ።

ሃያ ሁለት ቀን ማለዳ መኪናው መጣ። እህሉ በዋዜማው ማታ ማኅበሩ ሲበተን ሄዷል። ጋኑ ታጥቦ፣ ገለባ ተጎዝጉዞለት፣ እሜቴ እየመሩ በአራት ሰው ተጫነ። እሳቸው ጋቢና ገብተው ድመቷን በካርቶኗ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጎረቤቴ በመስኮቱ እጃቸውን ስማ «ወንድሜ ቦታ የለኝም ብሏል» አለቻቸው። «ዋሾ!» አሏት፤ ግንባሯን ሳሟት።

አባይ ማዶ ስንደርስ ካህኑ ቀድመውን ነበር። ጠበል ተረጨ፤ ዕቃው ገብቶ አለቀ። ባለቤቴ እናቱን ወደ ትንሿ ክፍል መራቸው፤ እኔም ብርድ ልብስ እንደማደርስ ሆኜ ተከተልሁ። እሜቴ መካከል ላይ ቆሙ። ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እጃቸውን ደፉ ላይ አደረጉ፣ ወደ ውጭ አዩ። እሱ ከበሩ አላለፈም።

«ትንሽ ዝቅ ብሏል» አሉ።

«ላፍርሰው?» አለ ወዲያው።

«ተወው። እኔም አጥሬያለሁ።»

ባለቤቴ መኪናውን ልየው ብሎ ወጣ። መኪናው ከሄደ ቆይቷል።

በማግሥቱ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ማለዳ ስነሣ እሜቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ደብሩ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ከሩቅ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ነፋሱ ግን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ያመጣዋል። ክንዴን ያዙኝና ወደ ግራ ታጠፍን። ከሦስት ቤት በኋላ መንገዱ ተዘጋ።

«ተመለሽ» አሉኝ።

ተመልሰን በቀኝ በኩል ሄድን።